የአይብ ሶምሶማ

ባሌ ሲብራንድ መራመድን ሁለት ጊዜ ተምሯል። መጀመሪያ ያስተማረችው እናቱ ናት፤ ሁለተኛ ኮምፒውተር። ከሁለቱ እናቱ ትሻላለች። ይህን የምለው ደግሞ አማቴን ወድጄ እንዳይመስላችሁ።

በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወጥ ቤት ቆሞ ዳቦው ላይ ቅቤ ሲቀባ ቢላዋው ከእጁ ወደቀ። «አንሳው እንጂ፤ አገልጋይህ ነኝ እንዴ?» አልኩት። ዘወር ስል እሱም ከቢላዋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ስትሮክ ነው፤ ግራ ጎኑን መትቶታል። ያቺን «አንሳው እንጂ» ያልኳትን ቃል እስከ ዛሬ ብውጣት ብውጣት አልወርድ ብላኛለች።

እጁ በሦስት ሳምንት ተመለሰለት። ምላሱ ትንሽ ይጎተታል፣ ለክርክር ግን አልሰነፈም። እምቢ ያለው እግሩ ነው። እግሩ እምቢ ካለ ደግሞ ሲብራንድ ምን ቀረው? ሰውየው አይብ ተሸካሚ ነው።

አርብ አርብ አደባባያችን ላይ የአይብ ገበያ ይቆማል። ነጭ የለበሱ፣ የገለባ ባርኔጣ የደፉ ወንዶች ሁለት ሁለት ሆነው፣ ስምንት ድቡልቡል አይብ የተጫነበትን ቃሬዛ በማንገቻ ከትከሻቸው አንጠልጥለው ወደ ሚዛን ቤት ይሮጣሉ። ከመቶ ኪሎ በላይ ነው። ይህ ሥራ የራሱ አካሄድ አለው፦ ጉልበት ሸብረክ፣ እግር መሬት እየላሰ፣ እርምጃ አጭርና ፈጣን፣ ክንድ ከጎን የተጣበቀ። የፊተኛውና የኋለኛው ተሸካሚ እግር ከገጠመ ቃሬዛው ይወዛወዛል፤ ስለዚህ አንዱ ግራውን ሲያነሳ ሌላው ቀኙን ያነሳል፣ ሆን ብለው ይዛነፋሉ። የአይብ ሶምሶማ ይሉታል። በእሱ የሚኮሩትን ያህል በልጆቻቸው አይኮሩም።

ማኅበሩ የወንድ ነው። ሴት ቃሬዛ ሥር አትገባም። ደንቡ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው ይላሉ፤ ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም፣ ነጩን ልብስ ማን አጥቦ እንደሚተኩስ ግን ሁሉም ያውቃል። በሚዛን ቤቱ በር ላይ ደግሞ የነውር ሰሌዳ የሚሉት ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። አርብ ጠዋት ከጥሪ የዘገየ ተሸካሚ ስሙና የዘገየበት ጊዜ በጠመኔ ይጻፍበታል፤ ቱሪስት ሁሉ እያነበበ ይስቃል። ሲብራንድ በሠላሳ አራት ዓመት ሥራው አንድ ቀን ብቻ ተጽፎበታል፤ አራት ደቂቃ። የሠርጋችን ማግስት ነበር። ያቺን አራት ደቂቃ እስከ ዛሬ በእኔ ነው የሚያላክካት፤ እንዳገባሁት ሳይሆን ከሥራ እንዳስቀረሁት ነው የሚያወራው።

ማገገሚያው ከከተማ ወጣ ብሎ ቦዩ ዳር ያለ የመስታወት ሕንፃ ነው። ለሲብራንድ የተመደበችለት ፊዚዮቴራፒስት ሜረል ትባላለች፤ ከደቡብ የመጣች፣ ረጅም፣ ቅን ልጅ። ክፋት የሚባል አልፈጠረባትም። ጥፋቷ አንድ ብቻ ነው፤ ማሽኑን ታምናለች።

ማሽኑ እንዲህ ነው። ጫማው ውስጥ ስስ ሶል ያስገቡለታል፤ ጉልበቱና ዳሌው ላይ ቁልፍ ቁልፍ የሚያካክሉ ነገሮች ይለጥፉበታል። ፊት ለፊቱ ስክሪን አለ። እግሩን እንደሚፈለገው ሲያሳርፍ ስክሪኑ ላይ ያለው እግር አረንጓዴ ይሆንና «ቲን» ይላል። ሲሳሳት ይቀላና እንደ ዝይ ይጮኽበታል። አካሉ የረሳውን ዓይኑና ጆሮው እየነገሩ ያስታውሱታል ማለት ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ አጠገቡ አንድ ሰው ቢያስብ ኖሮ ግሩም ይሆን ነበር።

«ወይዘሮ ኔልቸ፣» አለችኝ ሜረል በመጀመሪያው ሳምንት፣ «እኛ እዚህ ሰውን እንደ ሌላ ሰው አናራምድም። እንደ ራሱ ነው የምናራምደው። ከመታመሙ በፊት ሲራመድ የሚያሳይ ቪዲዮ ያምጡልኝ፤ ማሽኑ ከዚያ ላይ አካሄዱን ይማራል፣ ከዚያ ለእሱ መልሶ ያስተምረዋል።»

ቤት ገብቼ ፈለግኩ። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ባል ሲራመድ ማን ይቀርጻል? ሲበላ አለ። ተኝቶ አፉን ከፍቶ አለ። ሠርጋችን ላይ ያለው ሁሉ ተቀምጦ ነው። ሲራመድ የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ተገኘ፤ አንድ ቱሪስት ቀርጾ የላከልን፣ ገበያ ላይ ከቃሬዛው ኋላ ሲሮጥ። ሦስት ደቂቃ፣ ጥርት ያለ፣ ከጎን የተቀረጸ።

«ይሄኮ ሥራ ላይ ነው፣ ተሸክሞ ነው፣» አልኳት።

«ችግር የለውም፣ ከወገብ በላይ ያለውን እንቆርጠዋለን። እግር እግር ነው፣» አለች ሜረል። እኔም እሺ አልኩ። የተማረች ልጅ እግር እግር ነው ስትል እኔ ማን ነኝ አይደለም ልል?

ከዚያ ወዲያ ወራቱ «ቲን» እያሉ አለፉ። በየቀኑ አውቶቡስ ይዤ እሄዳለሁ፣ ሲብራንድ በወገቡ ቀበቶ ተይዞ ማሽኑ ላይ ያልበዋል፣ እኔ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴውን ብቻ አያለሁ፣ ሜረል ታጨበጭባለች። ከቪዲዮው አካሄድ ጋር በጥር ስድሳ ከመቶ ገጠመ፣ በየካቲት ሰማንያ፣ መጋቢት ሲገባ ዘጠና አራት! ከውጭ አገር ሐኪሞች መጥተው ጎበኙት፤ በየተራ እጁን ጨበጡት፤ አንዱማ እግሩን ጎንበስ ብሎ ፎቶ አነሳው። ሲብራንድ ደግሞ ቀና ብሎ ቆሞ፣ አንድም ቀን የማላውቅበትን ትሕትና አውጥቶ፣ «የሜረል ሥራ ነው» ይላል። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። ባሌ ትሑት ከሆነ የደበቀው ነገር አለ።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ሐሙስ፣ የገበያው ወቅት በሚከፈትበት አርብ ዋዜማ፣ የሚገመግሙት ይመጣሉ። ዐሥር ሜትር ይራመዳል፣ የበር ደፍ ይሻገራል፣ ዞሮ ይመለሳል፤ ይህንን በሚጠቀምበት መደገፊያና ቤት ውስጥ አብሮት በሚኖር ሰው እርዳታ ማድረግ ከቻለ ወደ ቤቱ። ካልቻለ ወደ መጦሪያ። መጦሪያው ከቤታችን ሁለት አውቶቡስ ይርቃል፤ ከዚያ በእግሩ ተመልሶ የወጣ ሰው አላውቅም።

ከኅዳር ጀምሮ ብቻዬን ነው የማድረው። ሰዓቱ ሲቆጥር ይሰማኛል። ሠላሳ አራት ዓመት አንኮራፋ ብዬ የጮህኩበትን ሰው፣ ማንኮራፋቱ ናፍቆኝ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አልቅሻለሁ። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም፤ ይኮራብኛል።

ሰኞ ዕለት የቤት ጫማውን ይዤለት ሄድኩ። «ና፣ ያለ ማሽን እስከ ካፌው ድረስ እንሂድ፣ ቡና ልጋብዝህ፣» አልኩት። ከወንበሩ ተነሳ። ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ። ክንዶቹን ከጎኑ አጣበቀ። ወደ ኋላ ጋደል ብሎ፣ የሆነ ነገር ትከሻው ላይ እንዲያርፍለት እንደሚጠብቅ ሰው ቆመ። ከዚያ እግሩን መሬት እያስላሰ ቱር ቱር ቱር ብሎ ሄደ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ያቺ መሬት የምትልስ እግር ደፉን መታችና ሲብራንድ የሾርባ ጋሪ ላይ ተደፋ።

ወዲያው አወቅኩት። ያለ ቃሬዛ የሚሮጥ የአይብ ሶምሶማ ነበር።

ሜረል እየሮጠች መጣች። ሲብራንድን ካነሳነው በኋላ ሾርባውን ከጆሮው እየጠረግኩ ነገርኳት። «አንቺ ልጅ፣ አራት ወር ሙሉ ባሌን አይብ መሸከም አስተማርሽው!»

«አይብ?» አለች። ቪዲዮውን ከፈተች፣ ያልተቆረጠውን። አየችው። ደግማ አየችው። ፊቷ እንደ ተሸካሚ ልብስ ነጣ። «እኔ… አጭር አጭር የሚራመድ ሰው መስሎኝ… ጉልበቱ ድሮም የታጠፈ መስሎኝ…»

«እግር እግር ነው ያልሽው አንቺ ነሽ!»

«ቪዲዮውን ያመጡት እርስዎ ነዎት፣» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እውነቷን ነው። በገዛ እጄ ነው ያመጣሁት። ያን ጊዜ ነው ሲብራንድ ጉሮሮውን የጠረገው።

«እኔማ ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ፣» አለ።

እጄን በአፌ ጫንኩ። «ምን አልክ?»

«እግሬን አላውቀውም እንዴ? የሶምሶማው መሆኑን በሁለተኛው ‘ቲን’ ነው ያወቅኩት።»

«እና ዝም አይነቅዝም ብለህ አራት ወር ተቀመጥክ?»

«የቤት አካሄድ ቢያስተምሩኝ፣» አለ ወለሉን እያየ፣ «የቤት ሰው ሆኜ ልቀር ነው። ይሄንን ካወቅኩ ግን ወቅቱ ሲከፈት ቃሬዛው ሥር እመለሳለሁ ብዬ ነው።»

«አንተ ግትር! ቃሬዛው ነው የሚያበላህ? ቃሬዛው ነው አልጋ የሚያነጥፍልህ? ሐሙስ እዚያ መጦሪያ ቢወረውሩህ አርብ አርብ አይብ የሚያመጡልህ መሰለህ? እኔስ? እኔ ማንን ልጠብቅ?»

ሜረል አፍንጫዋን ጠርጋ ማሰብ ጀመረች፤ በአራት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ስክሪን። እግሩ ጉልበት አለው፣ አለች። ማሽኑ ያን በትክክል አድርጓል፤ ግራ እግሩ ሸክም ይችላል። የጎደለው ሸክሙ ነው፤ አካሉ እየጠበቀው ነው። መጥታ ሁለት እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ሲብራንድ ቀጥ አለ። ተራመደ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት እርምጃ፣ ሳይንገዳገድ።

«ደፉስ?» አልኩ።

«ሚዛን ቤቱም ደፍ አለው፣» አለ ሲብራንድ። «ፊተኛው ‘ደፍ!’ ብሎ ይጮኻል፣ ያን ጊዜ ኋለኛው እግሩን ያነሳል። ሠላሳ አራት ዓመት ሲጠሩኝ አንስቻለሁ። ጥሩኝ፣ አነሳለሁ።»

ፊተኛ ያስፈልገው ነበር፤ ያውም ቤት ውስጥ አብሮት የሚኖር። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ከእኔ ሌላ የሚኖረው የአማቴ ቁም ሣጥን ብቻ ነው።

በዚያው ቀን ወደ ሃርመን ቤት ሄድኩ። ሃርመን የማኅበሩ አለቃ ነው፤ የአይብ አባት ይሉታል። ሌሎቹ ቀይ ወይ አረንጓዴ ባርኔጣ ሲያደርጉ እሱ ብቻ ብርቱካንማ ያደርጋል፤ እንቅልፍ ላይም የሚያወልቀው አይመስለኝም። የአተር ሾርባ እየበላ ነበር።

«ቃሬዛ ለሦስት ቀን ያውሱኝ፣» አልኩት። «ለሲብራንድ ነው።»

«ፊተኛው ማን ነው?»

«እኔ።»

ማንኪያው ሾርባው ውስጥ ቀረ። «ኔልቸ፣ ልቤ ከእናንተ ጋር ነው። ደንቡ ግን…»

«ልብዎ ከእኛ ጋር ከሆነ ቃሬዛውም ከእኛ ጋር ይሁና!»

«ሴት ቃሬዛ ሥር አትገባም። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ደንቡ ነው። አንድ ጎበዝ ተሸካሚ ልስጥሽ።»

«ጎበዙ ተሸካሚ ከሐሙስ በኋላ እኔ ቤት ሊያድር ነው? ሽንት ቤት የሚወስደው እሱ ነው? ወረቀቱ አብሮት የሚኖር ሰው ነው የሚለው፣ የአይብ አባት። ሠላሳ አራት ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ነጭ ልብስ ተኩሻለሁ፤ አንድ ቀን ሽብሽብ ብሎ አይተውት ያውቃሉ?»

«አላውቅም፣» አለ ሃርመን። «ግን ደንቡ ደንብ ነው።»

«እንግዲያው ደንብዎን ሾርባው ላይ ነስንሰው ይብሉት!» ብዬ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ሲዘጋ ትንሽ ጮኸ፤ ሆን ብዬ ነው።

ቤት ስደርስ መጋዘናችን ውስጥ መስኮት የማጸዳበት የእንጨት መሰላል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አየሁት፣ አየኝ። መሰላልን አጋድማችሁ ብትይዙት ከፊትም ሁለት እጀታ አለው፣ ከኋላም ሁለት እጀታ። የሻንጣ ማንገቻ ቆርጬ ጫፎቹ ላይ ሰፋሁ። ሁለት ከረጢት ድንች መሀሉ ላይ አሰርኩ። ማክሰኞ ጠዋት ይህን ሁሉ አውቶቡስ ላይ ስጭን ሾፌሩ «ወዴት ነው?» አለኝ፤ «ባሌን ላመጣ» አልኩት፤ ሌላ አልጠየቀም።

ሜረል የልብስ ማጠቢያው ኮሪደር ውስጥ ደበቀችን። ሲብራንድ መሰላሉን ሲያይ በግማሽ አፉ ሳቀ፤ ማንገቻው ትከሻው ላይ ሲያርፍ ግን ሳቁ ጠፋ። ቀጥ አለ። ከኅዳር ወዲህ እንደዚያ ቆሞ አላየሁትም።

«ስሚ፣» አለኝ፣ «ፊተኛ ወደ ኋላ አያይም። ከዞርሽ መሰላሉ ይዞራል፣ እኔም እወድቃለሁ። ደፍ ስትደርሺ ትጮኺያለሽ። ከእኔ ጋር ደግሞ እግር እንዳትገጥሚ።»

ገጠምኩ። ምን ላድርግ፣ ልጠነቀቅለት ብዬ የእግሩን ኮቴ አዳምጬ እኩል ረገጥኩ። በአራተኛው እርምጃ መሰላሉ እንደ ጀልባ ተወዛወዘና ድንቹ ኮሪደሩን ሞላው። ደግመን፤ ደግሞ ወደቀ። ሦስተኛ፤ ያው። ማክሰኞ በዚሁ አለቀ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከድንቹ ግማሹ ተልጦ፣ እኔ ደክሞኝ፣ እሱም ጨጓራው ተልጦ ነበር።

«የእናቴን ቁም ሣጥን ስታንቀሳቅሺም እንዲሁ ነበርሽ፣» አለ ከኋላዬ እየተራመደ። «ቀስ በይ ስል ትሮጫለሽ፣ ሩጪ ስል ትቆሚያለሽ!»

«ያንን የእንጨት ሬሳ ሣጥን ቤቴ ያስገባኸው አንተ ነህ! መስኮቴን ዘግቶ ሠላሳ ዓመት በጨለማ አኖረኝ!»

«የእናቴ ነው!»

«እናትህ ራሷ አልፈለገችውም!»

እንዲህ እየተባባልን ኮሪደሩ ጫፍ ደረስን፣ ዞርን፣ ተመለስን። ሜረል እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። አንድም ድንች አልወደቀም። ሶሉን ጫማው ውስጥ አስገብታለት፣ ስክሪኑንም ወደ ኮሪደሩ ገፍታ አምጥታ ኖሮ ማሽኑ ከጥግ ሆኖ ቲን ቲን ቲን ይላል፤ ዘጠና ሰባት ከመቶ። አራት ወር ሲፈልገው የነበረውን ሸክም በመሰላል አገኘውና ደስታውን አልቻለውም።

ሐሙስ ሁለት ሰዎች መጡ፤ ዶክተር ሃሰላር የሚባል ከስቶ ከብዕሩ የማይለይ ሰውና ከማዘጋጃ ቤት የመጣች ሴት። መሰላላችንን ይዘን ስንገባ ዶክተሩ በትሕትና ከመንገድ ዞር አለልን።

«አምፖሉን በኋላ ብትቀይሩት፣» አለ። «አሁን ምርመራ አለን።»

«ተመርማሪዎቹ እኛ ነን፣» አልኩት።

ሜረል ተነሳች። ሳትሸፋፍን፣ ቪዲዮውን፣ የተቆረጠውን ወገብ፣ ጥፋቷን ሁሉ ተናገረች። ዘጠና አራቱ ከመቶ የምን ዘጠና አራት እንደሆነ ስትናገር ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያቺን ልጅ ወደድኳት። «እግሩ ይችላል፣» አለች፣ «አሁን የሚችለው ግን እንዲህ ብቻ ነው። ሌላውን አካሄድ ቤቱ ሆኖ አስተምረዋለሁ፤ ጊዜ ስጡኝ።»

«ይህ መሰላል መደገፊያ ነው?» አለ ዶክተሩ።

«ወረቀትዎ ‘የሚጠቀምበት መደገፊያ’ ነው የሚለው፣» አልኩ። «ስለ ቅርጹ ምንም አይልም። አንብቤዋለሁ።»

አነበበው። እውነትም አይልም። የእኛ ሰው ደግሞ በወረቀት ላይ ያልተከለከለ ነገር ሲያገኝ አቅም ያንሰዋል። «በየቀኑ ይጠቀምበታል?»

«እስከ ዳቦ ቤት ድረስ።»

ልንነሳ ስንል በሩ ተከፈተና ብርቱካንማ ባርኔጣ ብቅ አለ። ሃርመን ነው። ማኅበሩን በመሰላል ሊያላግጡበት ነው የሚል ወሬ ደርሶት ሊያይ መጥቷል። በሩ ጥግ እጁን አጣምሮ ቆመ። አፍንጫህን ላስ አልኩ በሆዴ፣ ማንገቻዬን አነሳሁ።

ተነሳን። ዐሥሩን ሜትር የሄድንበትን አላስታውስም፤ የማስታውሰው ከኋላዬ የሚመጣውን ኮቴ ነው። ቀኙ ጠብ ይላል፣ ግራው ሸርተት። ጠብ፣ ሸርተት። እኔ ወደ ፊት ብቻ እያየሁ ባሌን በጆሮዬ አየዋለሁ። በሩ ደረሰ።

«ደፍ!» ብዬ ተሻገርኩ። ሁለት እርምጃ አልፌ የሱን ተራ ደግሜ ጠራሁ። «ደፍ!»

ቀኙ ተሻገረ። ግራው ቀረ። መሰላሉ ትከሻዬን ወደ ኋላ ያዘኝ። ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ እንጨቱ በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጠው እሱ ነው። መዞር ፈለግኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር የለም። ሜረል «ሲብራንድ…» ስትል ሰማሁ፤ ከደፉ ወዲያ ቀድሞን ፊቴ የቆመው ዶክተርም ብዕሩን አነሳ፤ አየሁት፣ ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፍ ነው።

አልዞርኩም። አንገቴን ቀጥ አድርጌ በጩኸት «ምን ተገትረህ ቀረህ?» አልኩት። «ደግሞ አራት ደቂቃ ልትዘገይ ነው? አሁንም በእኔ ልታላክክ?»

«ያን ጊዜ የዘገየሁት በአንቺ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ከኅዳር ወዲህ እንደዚያ ጥርት ብሎ የወጣ ቃል አልሰማሁም። ሲጮኽ እግሩ ተነሳ። ደፉን ተሻግራ ከወዲህ ስታርፍ ሰማኋት።

ዞረን ተመለስን፤ ወንበሩ ጋ አራገፍን። ያን ጊዜ ብቻ ዞሬ አየሁት። በላብ ተጠምቋል፣ ተናዷል፣ በጣም ቆንጆ ነበር።

መጀመሪያ የተናገረው ሃርመን ነው። «ሲብራንድ፣ ስትመለስ ጉልበትህ ቀጥ አለ፣» አለ፤ አላስቻለውም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አዲስ ተሸካሚ እግር አለመግጠም ለመልመድ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል። አንቺን ማን አስተማረሽ?»

«ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፣ የአይብ አባት፣» አልኩት። «አንድም ቀን ገጥመን አናውቅም።»

ከማዘጋጃ ቤት የመጣችው ሴት ሳቋን በመሐረብ አፈነች። ዶክተር ሃሰላር ግን አልሳቀም፤ ቅጹ ላይ ችግር ነበረበት። ‘መደገፊያ’ በሚለው ሥር ከዘራ፣ ጋሪና ክራንች የሚሉ ሣጥኖች አሉ፤ መሰላል የሚል የለም። ብዙ አሰበ። በመጨረሻ ‘ሌላ’ የሚለው ላይ ምልክት አደረገና አጠገቡ «ሚስት» ብሎ ጻፈ። መሰላሉን ረሳው። ሲብራንድ በዚያው ቀን ቤቱ ገባ፤ ሌሊቱን ሙሉ አንኮራፋ፤ አልቀሰቀስኩትም።

አርብ ወቅቱ ተከፈተ። ሜረል አዲስ ቪዲዮ ትፈልግ ስለነበር፣ እሱ በኮሪደራችን ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ ቀርጼ ላክሁላት፤ ማሽኑ እንግዲህ ይህን ይማር። ከዚያ ሲብራንድ ገበያውን ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ አለ። መሰላሉን ይዘን ወጣን፣ እኔ ከፊት እሱ ከኋላ፣ ድንቹ መሀል። ቱሪስቱ መንገድ ለቀቀልን፤ የዝግጅቱ አካል መስለናቸው አጨበጨቡ። ይህን ጊዜ ስንት ሰው ቀርጾን ይሆናል።

ሚዛን ቤቱ በር ላይ ደረስን። ሃርመን ብርቱካንማውን ደፍቶ ቆሟል፤ ጣቱ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። ከራሱ በላይ የነውር ሰሌዳው ተሰቅሏል። በዚያ ጠዋት የዘገየው አንድ ሰው ብቻ ነው። በትልቁ፣ በጥንቃቄ ተጽፏል፦

ኔልቸ፣ ሠላሳ አራት ዓመት።

በአራት መቶ ዓመት እዚያ ሰሌዳ ላይ የሴት ስም ተጽፎ አያውቅም። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት፤ ደስ ማለቴን ግን ለሃርመን አላሳየሁትም።

«አልዘገየሁም፣» አልኩት። «የጠራኝ ጠፍቶ ነው እንጂ።»

ሃርመን ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየኝ፤ ከበሩ ፈቀቅ አለልን። ያን ጊዜ ሲብራንድ ከኋላዬ «ደፍ!» ብሎ ጮኸ። እግሬን አንስቼ ገባሁ።